ጭሱ ለምን እናትና ልጅ ላይ ይበረታል? ስለ ማድ ቤት ጭስና ስለ ከሰል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አክስቴ እንጀራ የምትጋግረው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ገና ሳይነጋ ማድ ቤት ትገባለች። እኛ ልጆቹ ጭሱ ዓይናችንን ስለሚለበልበን ወደዚያ ዝር አንልም። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች 30 እንጀራ ታወጣለች። ትንሹ ልጇ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ እያሳለ ይተኛል። "ምን ሆናችኋል?" ስትባል "ጭስ ነው፣ ምንም አይደል" ትላለች። ከዓመታት በኋላ አንድ ደረጃ ወጥታ ማለክለክ ስትጀምር፣ ሳሉ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት፣ ከቤተሰቡ አንድም ሰው ነገሩን ከዚያ ማድ ቤት ጋር አላያያዘውም። እኔም ጭምር።

ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ጭስ መቼም ጭስ ነው። ለምን እናቶችና ሕፃናት ተለይተው ይነሣሉ?

ጭስ ሰው አይመርጥም። ሰውን ከጭሱ አጠገብ የሚያቆመው የቤቱ የሥራ ክፍፍል ነው። 5 ሰው ያለበትን ቤት አስቡ። አባት ውጭ ይውላል። ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። እናት ግን ቁርስ ታበስላለች፣ ምሳ ትሠራለች፣ በመሀል ቡና ታፈላለች፣ ማታ ደግሞ ራት አለ። የእንጀራው ቀን ሲመጣ ግማሽ ቀኗ እዚያው ምጣድ ሥር ያልቃል። ጡት የሚጠባው ልጅ ደግሞ እሷ ካለችበት አይርቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የሚተነፍሱት አየር በጭራሽ አንድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ሞቷል። ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። እኛ አገር ከ10 ቤት 9ኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በጭራሮ ወይም በከሰል ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጭሱ ውስጥ ምን አለ?

ዓይን የሚያቃጥለው የጭሱ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። የከፋው በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ነው። በጣም ከማነሱ የተነሣ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም። እስከ ሳምባ ጥግ ይዘልቃል፣ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። ለዚህ ነው ጭስ ሳል ብቻ አምጥቶ የማይቆመው። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳምባ ካንሰር፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ሁሉም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። አያቴ "ዓይኔን እርጅና ጋረደው" ትል ነበር። እርጅናው አለ፤ ግን ጭሱም እጁን አስገብቷል።

ለንጽጽር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። መስኮት በሌለው ማድ ቤት እንጨት ሲነድ ልኬቱ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይሆናል።

ሕፃን ልጅ ላይ ለምን ይከብዳል?

ትልቅ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ጨቅላ ሕፃን ከ40 እስከ 60። ከክብደቱ አንጻር ሲታይ እሱ ከእናቱ የበለጠ አየር ይስባል፤ የበለጠ ጭስም ይስባል ማለት ነው። የአየር ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ይዘጋዋል። ሳምባውም ሲወለድ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም፣ ገና እያደገ ነው። ሳምባ ምች እኛ አገር ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ የሆነው በጭስ ብቻ ባይሆንም፣ ጭሱ በሩን ይከፍትለታል።

ነፍሰ ጡርና አራስስ?

ነፍሰ ጡሯ የምትስበው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የፅንሱ ደም ይህን ጋዝ ከእናቱ ደም አጥብቆ ይይዛል፣ ለመልቀቅም ይዘገያል። ለዚህ ነው በጭስ ውስጥ የሚያበስሉ እናቶች ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ የሚለው።

የአራስ ቤቱን ነገር ግን ለብቻው ላንሣው። ልማዳችን ደግ ነው። አራሷ ብርድ እንዳይመታት በሩ ይገጠማል፣ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል። ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ይህ ሁሉ ለእሷ ተብሎ ነው። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የማይወጡት ሁለት ሰዎች አራሷና የ5 ቀን ልጇ ናቸው። ጠያቂው ቡናውን ጠጥቶ፣ "ማርያም ታሳድግልሽ" ብሎ ይሄዳል። እባካችሁ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉት፣ ቡናውንም በረንዳ ላይ አፍሉት። ለአራሷ ብርድ ልብስ ደርቡላት። ሙቀቱ የሚገኘው ከልብስ ነው፤ ጭሱ አይጠቅማትም።

እናቶቻችን በጭስ ኖረው 80 እና 90 ዓመት ደርሰዋል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን ያስፈራል?

ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ዕድሜ ጠግበው ያየናቸው የተረፉት ናቸው። በሕፃንነታቸው "በሳል ተቀጠፉ" የተባሉትን፣ በ50 ዓመታቸው "ልቧ ቀጥ አለ" የተባለላቸውን አንቆጥራቸውም። ከተረፉት መካከልም ስንቶቹ በሳልና በዓይን ሕመም እየተሰቃዩ እንደኖሩ ጠይቋቸው። ደግሞ ድሮ ብዙዎች ያበስሉ የነበረው ግቢ ውስጥ ወይም ጭሱ በሣር ክዳኑ በሚሾልክ ጎጆ ነው። በቆርቆሮና በብሎኬት በታጠረ 3 በ3 ክፍል ውስጥ ማንደድ ሌላ ነገር ነው።

ከሰል እኮ ጭስ የለውም። ከእንጨት አይሻልም?

ብናኙ ያንሳል፣ ልክ ነው። ዓይን አያቃጥልም። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። እየተነፈስክ ትታፈናለህ።

የእንጨት ጭስ ቢያንስ ያስለቅስሃል፣ ያስልሃል፣ ከቤት ያስወጣሃል። ከሰል ግን መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ድካም ያመጣል። ሰውየው "ደክሞኛል፣ ልተኛ" ይላል። ይተኛል። "ፍሙ ሙሉ በሙሉ ቀልቷል፣ አሁን ችግር የለውም" የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ቀይ ፍምም ጋዙን ይለቃል። አመድ የለበሰውም ገና ይለቃል። ውኃ የሞላ ጣሳ አጠገቡ ማስቀመጥም ጋዙን አያጠፋውም።

በከሰል ታፍነው የሚሞቱትስ እነማን ናቸው?

ዝናቡ ሲጠና፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዜናው ይደጋገማል። ዜናውን ስትሰሙ የሰዎቹን ኑሮ ልብ በሉ። አንድ ክፍል ተከራይተው ሦስትና አራት ሆነው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈች ልጅ። ቆርቆሮ የጥበቃ ቤት ውስጥ ሌሊቱን የሚያነጋ ጥበቃ። አራስና ልጇ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ክፍሉ ጠባብ መሆኑ፣ የሚበስልበትና የሚተኛበት ቦታ አንድ መሆኑ፣ ብርዱን የሚከላከሉበት ሌላ ነገር አለመኖሩ ነው። ሰፊ ሳሎን ያለው ሰው ከሰል ቢያገባ እንኳ መኝታ ቤቱ ሌላ ነው። "ጥንቃቄ የጎደላቸው" ብሎ ማለፍ በጣም ያሳዝነኛል። በአንድ ብርድ ልብስ ነሐሴን የሚያሳልፍ ጥበቃ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ቢስብ፣ ያጣው ጥንቃቄ ነው ወይስ ሁለተኛ ብርድ ልብስ?

ውጭ አገር ያለነውንስ ይመለከተናል?

ይመለከታችኋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 አሜሪካ ውስጥ ሲያትልና አካባቢዋ በከባድ ዐውሎ ነፋስ መብራት ተቋረጠ። ሰዎች ከሰልና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ተጠቀሙ። ብዙዎች በጋዙ ተመረዙ፣ የሞቱም ነበሩ፣ ስደተኞች በብዛት ነበሩባቸው። ከችግሩ አንዱ ቋንቋ ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚሰራጨው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ለኖረበት ሰው ደግሞ ነገሩ የዕለት ሥራው ነው። የከተማዋ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በተለያዩ ቋንቋዎች በፊት ገጹ እስከ ማውጣት ደርሷል።

በክረምት መስኮቱ ድርግም ባለ አፓርታማ ውስጥ ለቡናና ለዕጣን ከሰል የምታቀጣጥሉ ወገኖቼ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ገዝታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ባትሪውንም እዩት። እናታችሁ ለጥየቃ ከአገር ቤት ስትመጣ ደግሞ መሣሪያው ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ንገሯት። ጩኸቱ ያናደዳት እናት ባትሪውን ነቅላ ልታስቀምጠው ትችላለች።

ከሰል ያፈነው ሰው ቢገጥመኝ ምን ላድርግ?

በሩን በርግዱት። ሰውየውን አየር ወዳለበት አውጡት። እናንተም እዚያ አትቆዩ፣ ለመርዳት ገብተው የወደቁ አሉ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋው 939 ነው። ራሱን የሳተ ሰው ወተት አታጠጡ፣ ትንታ ይገድለዋል። ወተት ደሙ ላይ የተጣበቀውን ጋዝ አያወጣም።

"ነቅቷል፣ ተሽሎታል" ብላችሁም ቤት አታስቀሩት። በተራ አየር ግማሹ ጋዝ ብቻ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ሐኪም ቤት በጭምብል በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ያው ግማሹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። ሐኪሙን ስታገኙም "ከሰል ነበር" በሉት፣ ሳትጠየቁ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

የቤት ሠራተኞች ነገርስ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ሊጠየቅ ስለሚገባው እዚህ አስገባሁት። በብዙ ቤት የሠራተኛዋ መኝታ የት ነው? ማድ ቤት። ፍራሿ ቀን ተጠቅልሎ ጥግ ይቆማል፣ ማታ ከምድጃው አጠገብ ይዘረጋል። ቀን የምታበስልበትን አየር ማታም ተኝታ ትተነፍሳለች። ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው። ሳል ሲይዛት ሐኪም ቤት የሚወስዳት የአሠሪዋ ፈቃድ ነው። "ጭሱ በዛብኝ" ብትል ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። በአንድ ሰው ላይ አደጋ ሲደራረብ የሚመስለው ይህን ነው፤ ዕድሜ፣ ድህነት፣ ፆታ፣ በሰው ቤት መኖር። ሠራተኛ ያላችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ማታ የምትተኛበትን ክፍል ገብታችሁ እዩት። በሩን ዘግታችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡበት።

እሳቱ ራሱስ? የሚቃጠሉት እነማን ናቸው?

መሬት ላይ የተጎለተ ጉልቻ ለዳዴ ልጅ ልክ በቁመቱ ነው። ድስቱን ጎትቶ በላዩ ይደፋዋል።

ሌላው ተጋላጭ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ነው። እሳት ዳር ሳለ ቢጥለው የሚወድቀው ወደ እሳቱ ነው። ይህ ብዙ ሰው አካሉን ያጣበት አደጋ ነው። ልብ የሚሰብረው "ሲጥለው ከነካኸው ይጋባል" የሚለው እምነት ነው። ሰው ቆሞ እያየ ሌላው ይቃጠላል። የሚጥል በሽታ በመንካት አይጋባም፣ በምራቅም በአረፋም አይጋባም። ፈጥናችሁ ከእሳቱ አውጡት። መድኃኒቱም አለ፣ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ብዙ ሰው መውደቁን ያቆማል። እስኪሻለው ድረስ ለብቻው እሳት ዳር አትተዉት።

እንጨቱን የሚሸከሙትስ?

እንጦጦ መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከመች ሴት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፣ መንገዱ ቁልቁለት። ወገብ፣ ጉልበት፣ ማህፀን ይጎዳል፣ ጫካ ውስጥ የሚደርስባቸው ጥቃት ሳይጨመር። ጭሱ ከመጨሱ በፊት አንድ ሴት ዋጋ ከፍላበታለች። ከዚያ እሷም ቤቷ ገብታ በዚያው እንጨት ታበስላለች።

ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አይቀይሩም?

ከአገሩ ሕዝብ መብራት የሚያገኘው ገና ግማሽ ገደማው ነው። ካገኘውም ውስጥ ብዙው አምፖል ለማብራትና ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ነው የሚጠቀመው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ዋጋው አለ፣ መስመሩ መቻሉ አለ፣ ሊጥ ምጣድ ላይ ሳለ መብራት የሚሄድበትም ቀን አለ። ለዚህ ነው ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤትም ከሰል ከጓዳ የማይጠፋው።

ደግሞ የተከራይ ጣጣ አለ። እኔ ተከራይ ሳለሁ የውሉ የመጀመሪያው ቃል "ምጣድ አይቻልም" ነበር። ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ምጣድ ደግሞ ቆጣሪ ያስሮጣል። አከራዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ሒሳባቸውን ነው ያሰቡት። ውጤቱ ግን ጎረቤቴ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ደረጃ ሥር በከሰል ማብሰሏ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባት ከማንም በላይ ታውቃለች። የመወሰን ሥልጣኑ ግን በእጇ አልነበረም። ይህ ነገር በደንብ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ፦ አብዛኛው ተጋላጭ ሰው የጎደለው ምክር አይደለም።

"ምርጥ" ምድጃና "ላቀች" ለውጥ ያመጣሉ?

ያመጣሉ፣ ግን ልኩን እንወቅ። በሲሚንቶና በአሸዋ መሰል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ የእንጀራውን እሳት ከብቦ ስለሚይዝ ከጉልቻ አንጻር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ለእናቲቱ ከወጪም ከሸክምም እፎይታ ነው። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ደግሞ ከሰል ይቆጥባል። ጭሱም ይቀንሳል። ነገር ግን ለሕፃን ሳምባ የሚበቃ ንጹሕ አየር አይሰጡም። ማላዊ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች ያሳተፈ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ውጤቱ ሲወጣ፣ የተሻሻለው ምድጃ የሳምባ ምችን አልቀነሰም። በአንድ ቤት ምድጃው ቢሻሻልም ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጎረቤት ያነዳል፣ ሌላው ጉልቻም አልጠፋም። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል። ነዳጁ ራሱ መለወጥ አለበት፤ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ሲሊንደር ጋዝ፣ ከብት ባለበት ቤት ወደ ባዮጋዝ።

እስከዚያው እኔ ዛሬ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ደረቅ እንጨት ተጠቀሙ፣ እርጥብ እንጨት ጭሱ ይበዛል። ባቄላና ክኩን ቀድማችሁ ዘፍዝፉት፣ ድስቱን ክደኑት፣ እሳት ዳር የምትቆሙበት ሰዓት ያጥራል። ጣሪያው ሥር፣ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ መውጫ ክፈቱ። በሩ ብቻውን አይበቃም። እሳት ሲቀጣጠል ጭሱ ከሁሉም ጊዜ ይብሳልና ያኔ ሕፃኑን አባት ይያዘው፣ ወይም ታላቅ እህት፣ ወይም አያት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ የጋራውን ማብሰያ ቤት ለእንጀራ ተጠቀሙበት፣ ወደ መጋዘንነት የተለወጠ ካለም በኮሚቴ አስመልሱት።

ወንዶች፣ ማድ ቤት ግቡ። ለአንድ ወር እንጀራውን እናንተ ጋግሩት። የጭስ መውጫው ጉዳይ ከበሩ ቀለም በፊት የሚታሰበው ያኔ ይመስለኛል።

ልጄ ያስለዋል። መቼ ነው የምሮጠው?

ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ፣ ልጁ ሳያለቅስ። ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን በሰዓት ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ ትንፋሹ ፈጣን ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት አልጠባም ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ሰፈር ካለች እሷም ትቆጥርላችኋለች። ስትሄዱም ቤት ውስጥ በምን እንደምታበስሉ ንገሯት።